ርጉም የሚባል ጽንስ የለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካ ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚደረገው ክርክር ግማሽ ምእት ዓመት አልፎታል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. ጽንስን ማቋረጥ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት ነው ብሎ ወሰነ፤ ሰኔ 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ያንኑ ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩን ለየግዛቶቹ መለሰ። ስለዚህ ዛሬ በአንዱ ግዛት የተከለከለው በሌላው ይፈቀዳል። በዚያ የሚኖሩ ምእመናን በክርክሩ መካከል ናቸው፤ እኛም ከሩቅ እንሰማዋለን። ነገር ግን ከሕጉ ክርክር በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «የተጸነሰውን ማን ይቀበለዋል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በገዛ አገራችን፣ በደቡብ ኦሞ የሆነው ነገር አጉልቶ ያሳየናል።

የ«ሚንጊ» ልማድ

በሐመር፣ በበናና በካራ ማኅበረሰቦች ዘንድ «ሚንጊ» የሚባል ጥንታዊ ልማድ ነበር። ከጋብቻ ውጭ የተጸነሰ፣ ወላጆቹ ቢጋቡም ተገቢው ሥርዓት ሳይፈጸም የተጸነሰ፣ ወይም የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። ስለዚህ ጽንሱ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ከተወለደም ወደ ዱር ይጣላል ወይም ለወንዝ ይሰጣል። የእናቲቱ ልቅሶ የሚለውጠው ነገር አልነበረም።

የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ የአገሩን ሽማግሌዎች እየለመነ እነዚህን ሕፃናት ተቀብሎ በጂንካ ማሳደግ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር በይፋ ወሰኑ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ «አትግደሉ» የሚለው ቃል «ለእኔ ስጡኝ፣ አሳድገዋለሁ» ከሚል ክንድ ጋር ሲመጣ ይሰማል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ቤተ ክርስቲያን የሰውን ሕይወት ከልደት ሳይሆን ከጽንሰት ትቆጥራለች። መስከረም 26 ቀን የመጥምቁ ዮሐንስን፣ ነሐሴ 7 ቀን የእመቤታችንን ጽንሰት እናከብራለን። የጌታችን ጽንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ አምላክ ሰው የሆነው በበረት ሳይሆን በድንግል ማኅፀን ነውና። ዮሐንስም ገና በእናቱ በኤልሳቤጥ ማኅፀን ሳለ ለጌታው በደስታ ዘልሏል። የዕብራውያን አዋላጆችም ከፈርዖን ትእዛዝ ይልቅ እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናቱን በሕይወት አቆይተዋል።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን በደለ?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን በደሉን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። እንግዲህ ከማኅፀን ርግማን ይዞ የሚመጣ ልጅ የለም።

በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአገራችን የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርሕ ወንጀል ቢያደርግም፣ መደፈር ሲኖር፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለአደጋ ሲጋለጥ፣ እናቲቱ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ስትሆንና በመሳሰሉት ሁኔታዎች ይፈቅዳል። ሕግ ያልቀጣው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት የተፈቀደ አይደለም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ ያለች እናት ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር ልትመክር እንጂ ብቻዋን ልትተው አይገባም።

በእኛ ዘንድ ያለው «ሚንጊ»

የደቡብ ኦሞን ልማድ ሰምተን ራሳችንን ከመጸደቅ እንጠንቀቅ። ከገጠር መጥታ በጂንካ ቤት ተከራይታ የምትማር ወጣት ብትጸንስ፣ ወላጆቿን፣ ጎረቤቷን፣ ይልቁንም የአጥቢያዋን ምእመናን ሐሜት ትፈራለች። «ዲቃላ» የሚለው ስድባችን ከ«ሚንጊ» በምን ይለያል? በአደባባይ ጽንስ ማቋረጥን እያወገዝን በሐሜታችን ወደዚያው የምንገፋት ከሆነ፣ ከደሙ ንጹሓን አይደለንም።

ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅን በ40፣ ሴት ልጅን በ80 ቀን ስታጠምቅ አባቱ ያልታወቀውን ሕፃን አትመልስም፤ ያው ማዕተብ ይታሰርለታል፣ ያው ሥጋና ደም ይሰጠዋል። ክርስትና አባት የመሆን፣ የአራስ ጥሬ የመያዝ፣ ትምህርቷን ትቀጥል ዘንድ ልጇን የመጠበቅ ሥራ ግን የእኛ ነው። የጸነሰችውን ጥሎ የሸሸውንም ወንድ የንስሐ አባቱ ሊጠይቀው፣ እኛም ልንወቅሰው ይገባል፤ ሸክሙ የእርሷ ብቻ አይደለምና።

ጽንስ ያቋረጠች እኅታችንም ብትሆን የንስሐ በር አልተዘጋባትም። ኃጢአቱ ከባድ ነው፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ግን ከኃጢአቱ ይበልጣል። ወደ ንስሐ አባቷ ትቅረብ፣ ቀኖናዋን ትቀበል፣ ተስፋም አትቁረጥ።

የተጸነሰውን ሁሉ ለመቀበል ክንዳችንን እንድንዘረጋ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።