በብስክሌት ጐን ስለሚሮጡ ሰዎች

ብስክሌት የልጅ ደስታ መሆኑን የማያውቅ ወላጅ የለም። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ወደ አደባባይ ሲወጡ አንዱ ልጅ ብቻ በደጃፍ ተቀምጦ ሲመለከት ግን የእናቱ ልብ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ የምንጽፈው በደጃፍ ስለ ቀረው ስለዚህ ልጅና በገዛ ፈቃዳቸው ሊያወጡት ስለሚመጡ ሰዎች ነው።

የአካል ጉዳት ያለበት ሰው በመንኰራኵር መሄድ የጀመረው ከብስክሌት በፊት ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1655 ዓመት በጀርመን አገር በኑርንበርግ አጠገብ በአልትዶርፍ ይኖር የነበረ እስቴፋን ፋርፍለር የሚባል ሰዓት ሠሪ፥ እግሮቹ ስላልታዘዙለት በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ለራሱ ሠራ። ካርል ፎን ድራይስ ባለ ሁለት ጎማውን መሄጃ ያሳየው ከዚያ 162 ዓመት ቈይቶ በ1817 ነው። እንግዲህ ይህ ነገር የጤነኞች ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ታሪኩን ጠይቆ ይረዳ።

ለልጁ የሚስማማው ብስክሌት እንደ ጉዳቱ ይለያያል። ዓይኑ የማያይ ልጅ ሁለት ሰው በሚይዘው ብስክሌት በስተኋላ ተቀምጦ ፔዳሉን ይመታል፤ ከፊት ያለው መሪውን ይዞ መንገዱ ሲጠመዝዝና ሲያቈለቍል አስቀድሞ ይነግረዋል። እግሩ የማይሠራለት በእጁ ይዘውራል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህር የነበሩት ዶክቶር ሪቻርድ ክላይን ያስተዋሉት ነገር ነው። በኋለኛው ጎማ ግራና ቀኝ የሚታሰሩት ትንንሽ ደጋፊ ጎማዎች ብስክሌቱ እንዳያዘነብል ስለሚከለክሉ ልጁ ሚዛንን ሳይማር ይቀራል። ብስክሌት ሲያዘነብል መሪውን ወዳዘነበለበት ወገን ቢያዞሩት ይቃናል፤ የፈራ ልጅ ግን ወደ ተቃራኒው ያዞርና ይወድቃል። ይህን በቃል ማስረዳት አይቻልም፤ ሰውነት ራሱ መልመድ አለበት። ስለዚህ በኋለኛው ጎማ ፈንታ የመንገድ ዳምጠው የሚመስል ሰፊ ተንከባላይ ተደረገ፤ ልጁ እየለመደ ሲሄድ ጫፍና ጫፉ እየቀጠነ በሄደ በሌላ ይለወጣል። ብስክሌቱም ሳይጥለው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይወዛወዛል።

በዚህ መንገድ የሚያስተምረው አይ ካን ሻይን የሚባለው ማኅበር ነው። ትምህርቱ አምስት ቀን ሲሆን በየቀኑ 75 ደቂቃ ነው። ለአንድ ልጅ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ይመደቡና በግራና በቀኝ አብረው ይሮጣሉ። ሥራው ቀላል አይምሰላችሁ። ላቡ ይቅርና፥ ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ መፈለግ ያሻል፤ አንዱ ቀልድ ይወዳል፥ ሌላው ድምፅ ሲበዛበት ይሸበራል፥ ሌላውም ሳይነግሩት ቢነኩት ይቈጣል። ዋናው ጭንቅ ግን አለመያዝ ነው። እጅ ለመደገፍ ይቸኵላል፤ ያለ ጊዜው የተደገፈ ልጅ ደግሞ ሰውየውን ይለምዳል እንጂ ብስክሌቱን አይለምድም። ለማዘን ብቻ የመጣ ሰው ይህን መታገሥ አይሆንለትም ብለን እንገምታለን።

የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ያጸደቁት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ30ኛው አንቀጽ፥ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር በጨዋታና በስፖርት እኩል እንዲካፈሉ ያዛል፤ ኢትዮጵያም በ2010 ተቀብላዋለች፤ ሁሉም በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። በአዲስ አበባ በ2011 ዓመተ ምሕረት መንገድ ለሰው የተባለው ቀን ተጀምሮ መኪና በቆመ ጊዜ፥ አስፋልቱ ለልጆችና ለብስክሌት ሰፍቶ ነበር። ያ ስፋት ለዚያኛውም ልጅ ይበቃል።

በመጨረሻዎቹ ቀኖች ተንከባላዩ ይወልቅና እውነተኛው ጎማ ይገባል። ከኮርቻው በስተኋላ እጀታ ይታሰራል፤ ሯጩ እጀታውን ጥቂት ይዞ፥ ልጁ ሳያውቅ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይሮጣሉ፤ ልጁም ፔዳሉን እየመታ ይርቃቸዋል። እጀታው ግን አይፈታም፤ በቤት ለሚቀጥለው ልምምድ አባትና እናት ይዘውት ይሮጣሉ።