የበረዶ ሞተር ችንካር፦ ከብዛቱ ሚዛኑ

በሰሜናዊቷ የአሜሪካ ግዛት በሚኒሶታ ብርዱ ሲጠና ከ10 ሺህ የሚበልጡት ሐይቆች ረግተው እንደ ሜዳ ይሆናሉ። በዚያ ወቅት ስኖውሞቢል ወይም የበረዶ ሞተር የሚባለው ተሽከርካሪ መጓጓዣም መዝናኛም ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚህች ግዛት ለበረዶ ሞተር የተዘጋጀው መንገድ ከ22 ሺህ ማይል፣ ማለትም ከ35 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚህ መንገድና በሐይቆቹ ላይ ለሚጓዝ ሰው ከመፍጠን ይልቅ መቆም ይከብዳል። ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ተሽከርካሪ በረጋ ግግር በረዶ ላይ ፍሬን ቢያዝም መንሸራተቱን ይቀጥላል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ በተሽከርካሪው የጎማ ሰንሰለት ላይ የብረት ችንካር መግጠም ነው። ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የእግር ኳስ ተጫዋች በእርጥብ ሣር ላይ እንዳይንሸራተት ታኬታ ያደርጋል፤ የከባድ መኪና ሾፌርም በጭቃ ጊዜ ጎማው ላይ ካቴና ያስራል። የበረዶ ሞተር ችንካርም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ሆኖም ችንካር መግጠም ብዙ ብረት መደርደር ብቻ አይደለም። ርዝመቱ፣ ብዛቱ፣ አቀማመጡና የፊተኛው መንሸራተቻ ካልተመጣጠኑ ለደኅንነት የተገጠመው ችንካር ራሱ የአደጋ ምክንያት ይሆናል።

የጎማ ጥርስና ግግር በረዶ

የበረዶ ሞተር ከፊት በመሪ የሚታዘዙ ሁለት መንሸራተቻዎች አሉት፤ ከኋላ ደግሞ እንደ ዶዘር ሰንሰለት የሚሽከረከር፣ ነገር ግን ከጎማ የተሠራ ሰፊ ቀበቶ አለው። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ በካናዳ የኩቤክ ተወላጅ የሆነው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 መንገዱ በበረዶ በመዘጋቱ ታማሚ ልጁን ሐኪም ቤት ማድረስ አልቻለም፤ ልጁም ሞተ። ቦምባርዲየር ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ለሰንሰለት አነዳድ ፈጠራው የባለቤትነት መብት አገኘ። በ1959 ደግሞ ስኪዱ የተባለውን ቀላል የበረዶ ሞተር ለገበያ አቀረበ። በሚኒሶታም በ1954 በሮዞ ከተማ የተመሠረተው ፖላሪስ በዚሁ ሥራ ስመ ጥር ሆኗል።

በሰንሰለቱ ላይ የተደረደሩት የጎማ ጥርሶች ብናኝ በረዶን እየቆፈሩ ተሽከርካሪውን ወደፊት ይገፋሉ። ግግር በረዶ ሲሆን ግን የሚቆፈር ነገር የለም፤ ጎማው በላዩ ይንሸራተታል። የአየሩ ቅዝቃዜ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ የግግሩ ገጽ ይበልጥ ያሙለጨልጫል። ችንካሩ በተሽከርካሪው ክብደት ተገፍቶ ግግሩን ይወጋል፣ ይይዛል። አካሉ ብረት ሲሆን ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ በጥንካሬው ከብረት የሚልቅ የተንግስተን ካርባይድ ነው። ተራ ብረት ከድንጋይና ከአስፋልት ጋር ሲፋተግ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ካርባይድ ግን ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል።

ርዝመትና ብዛት

የችንካር ርዝመት የሚወሰነው በሰንሰለቱ የጎማ ጥርስ ቁመት ነው። የተለመደው ልክ ጫፉ ከጎማ ጥርሱ በላይ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር እንዲወጣ ነው። ለምሳሌ የጎማ ጥርሱ 32 ሚሊ ሜትር ከሆነ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ችንካር ይመረጣል። ከዚህ ያጠረ ግግሩን አይደርስበትም። የረዘመ ደግሞ ሲጋፈጥ ይጎብጣል፣ ሥሩን ይቀድዳል፤ ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበትን የአሉሚኒየም ሽፋንም ሊመታ ይችላል። በዚያ ሽፋን ሥር የሞተሩ ማቀዝቀዣ ስላለ፣ አንድ የተሳሳተ ችንካር ራዲያተር እንደመብሳት ያለ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ ከችንካሩ ጋር የሽፋን መከላከያም አብሮ ይገጠማል።

ለጥልቅ ብናኝ በረዶ የተሠሩ፣ ጥርሳቸው በጣም የረዘመ ወይም ገላቸው የሳሳ ሰንሰለቶች ችንካር አይችሉም። የአምራቹ መመሪያ የሚከለክል ከሆነ ክልከላው መከበር አለበት።

ብዛትን በተመለከተ 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው የተለመዱ ሰንሰለቶች ላይ 96፣ 120 ወይም 144 ችንካሮች ይገጠማሉ። ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ ሞተር ባነሰው ቁጥር ይበቃዋል፤ ብርቱ ሞተር ያለው ወይም ብዙ ጊዜ በሐይቅ ላይ የሚጓዝ ከፍ ያለውን ይመርጣል። ከቁጥሩ ባልተናነሰ አቀማመጡ ወሳኝ ነው። ችንካሮች አንዱ በሌላው ፋና ከተሰለፉ የኋለኛው የፊተኛው በጫረው ቦይ ውስጥ ይገባና የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን መስመር እንዲጭር ወዲህና ወዲያ ተዘበራርቀው ይተከላሉ።

የፊቱና የኋላው ሚዛን

አዲስ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር ይኸ ነው። መሪውን የሚታዘዙት የፊት መንሸራተቻዎች ከሥራቸው የካርባይድ ስለት ያለው ዘንግ አላቸው። ከኋላ ብዙ ችንካር ተገጥሞ የፊቱ ስለት ካጠረ ወይም ካለቀ፣ ሰንሰለቱ አጥብቆ እየገፋ መንሸራተቻዎቹ ይከዳሉ፤ መሪው ቢጠመዘዝም ተሽከርካሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የፊቱ በርትቶ የኋላው ከሳሳ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ኋላው ይወረወራል። ስለዚህ የችንካሩ ቁጥር ሲጨምር የፊቱም ስለት አብሮ መርዘም አለበት። ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የካርባይድ ስለት ያላቸው ዘንጎች በገበያ ላይ አሉ፤ የትኛው ከስንት ችንካር ጋር እንደሚሄድም አምራቾች በሠንጠረዥ ያሳያሉ።

አገጣጠም

ሥራው ከብርድ በተጠለለ ቤት ቢሆን ይመረጣል፤ የቀዘቀዘ ጎማ ይደርቃልና። የተሽከርካሪው ኋላ በጽኑ ማቆሚያ ላይ ከፍ ይደረግና ቀዳዳዎቹ የሚበሱበት ቦታ በቅርጽ ማውጫ ወረቀት ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ ሦስት ነገሮችን መራቅ አለበት፦ በጎማው ውስጥ የተቀበሩትን ማጠንከሪያ ዘንጎች፣ የሰንሰለቱን መስኮቶች ጠርዝና የውስጥ መንኮራኩሮች የሚሄዱበትን መስመር።

ቀዳዳው የሚበሳው ጎማን በክብ ቆርጦ በሚያወጣ መብሻ ነው፤ ተራ የብረት መብሻ ጎማውን ይቦጫጭቀዋል። ችንካሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገባል፤ በውጭ በኩል ሰፊ መደገፊያ ሮንደላ ይደረብበትና በማይላላ ዳዶ ይታሰራል። ዳዶው ሲጠብቅ ጠፍጣፋው የችንካር ራስ ከጎማው ጋር እኩል መሆን አለበት። ላልቶ የቀረ ይወዛወዝና ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ጎማውን ይቆርጣል። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ ሁሉም ዳዶዎች እንደገና ይፈተሻሉ። የሰንሰለቱ ውጥረትም ይታያል፤ የላላ ሰንሰለት እየተርገበገበ ችንካሮቹን ከሽፋኑ ጋር ያጋጫል።

ሰንሰለቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ሲሽከረከር ማንም ሰው ከኋላ መቆም የለበትም። ተሰብሮ የወጣ ችንካር እንደ ጥይት ይወረወራል። የጭቃ መከላከያው የተነቀለ ተሽከርካሪም በጉዞ ላይ ከኋላ ለሚከተለው ሰው አደገኛ ነው።

የጋራ መንገድና የግግሩ ውፍረት

ሐይቅን የሚይዝ ችንካር አስፋልትንም ይቆፍራል። በሚኒሶታ አስፋልት የለበሱ የሕዝብ መዝናኛ መንገዶች በበጋ የብስክሌተኞችና የእግረኞች ናቸው። ስለዚህ የግዛቲቱ ሕግ የብረት ችንካር ያለው የበረዶ ሞተር በእነዚህ መንገዶች ላይ እንዳይሄድ ይከለክላል፤ የአካባቢ አስተዳደሮች በራሳቸው መንገድ ላይ በተለየ ሁኔታ ካልፈቀዱ በስተቀር። ከጉዞ በፊት የሚሄዱበትን መንገድ ደንብ ማወቅ እንግዲህ የዝግጅቱ አካል ነው።

ችንካር የማይመልሰው አንድ ጥያቄም አለ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለበረዶ ሞተር ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ኢንች፣ ማለትም ከ13 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስና ጥርት ያለ ግግር እንዲኖር ይመክራል። ነጭ ወይም ብናኝ በረዶ የቀላቀለ ግግር ደካማ ስለሆነ ከዚያ እጥፍ መወፈር ይኖርበታል። ጥሩ ችንካር ያሰረ ሾፌር በፍሬኑ ይተማመናል፤ ይህ መተማመን ግን ስስ ግግርን አያወፍርም። ችንካሩ የሚሠራው ግግሩ ተሽከርካሪውን መሸከም እስከቻለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳዶዎቹን የፈተሸ ሰው ሐይቁ ላይ ከመውጣቱ በፊት ግግሩንም በስቶ ሊለካ ይገባዋል።