ከአምባ መቅደላ እስከ ዋይት ደሴት

በመርከብ ባሕር ሲያቋርጡ ሰንብቶ፣ በፍጻሜው ከመርከብ ወርዶ በባሕር ዳርቻ በተሠራ ማረፊያ ቤት ዐረፍ ማለት ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ የዕረፍት ሥርዐት ነው። ከመካነ ሰላም እስከ አምባ መቅደላ፣ በበሽሎ ሸለቆ ግራና ቀኝ ለምንኖር ደገኞች ግን ባሕር ይበልጡን በመጽሐፍ የምናውቀው ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ መናገር ይገባል።

እንግሊዞች ወደ ባሕር መውረድን የጀመሩት እኛ ወደ ጠበል በምንወርድበት ተስፋ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ሐኪሞቻቸው በጨው ውሃ መታጠብን፣ አልፎ አልፎም መጠጣትን፣ ለሕሙማን ያዝዙ ነበርና። በኋላ የምድር ባቡርና የእንፋሎት መርከብ መንገዱን ባቀለሉት ጊዜ ለፈውስ የተጀመረው ነገር ለተድላ ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያም በ1845 እ.ኤ.አ. በደቡብ እንግሊዝ ባለችው በዋይት ደሴት የኦስበርንን ርስት ገዝተው፣ ባሕሩን የሚያይ ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ልብሳቸውን ለውጠው ሰው ሳያያቸው ወደ ውሃው የሚወርዱባት ባለ መንኮራኩር የእንጨት ክፍልም ነበረቻቸው። በዚያው ደሴት በስተ ምዕራብ፣ ነጫጭ ገደሎች ከባሕሩ በሚነሡበት በፍሬሽዎተር፣ ባለቅኔው ቴኒሰን ይኖር ስለ ነበር፣ ብዙ ደራስያንና ሠዓልያን ወደዚያ ይመላለሱ ነበር። የመርከብ ጉዞው እንዲህ ባለ ስፍራ የሚፈጸምለት መንገደኛ ዕድለኛ ይባል ነበር።

ከአምባ መቅደላ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በዚህች የተድላ ደሴት ያረፈ አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረ፤ እርሱም የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ደጃች ዓለማየሁ ነው።

በ1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት የእንግሊዝ ጦር የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት በአሮጌ ሜዳ ድል አደረገ፤ በትንሣኤ ማግሥትም፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዓፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ንጉሡ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታቱ፣ አክሊሉና ጽዋው ተዘርፈው በዝሆንና በበቅሎ ተጫኑ፤ አምባውም ተቃጠለ። ሕፃኑና እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ የእንግሊዙን ጦር አዛዥ የጄኔራል ናፒየርን ሠራዊት ተከትለው ወደ ሰሜን ሲጓዙ፣ እቴጌይቱ ከባሕሩ ሳይደርሱ በግንቦት ወር በትግራይ ምድር ዐረፉ። እንግዲህ በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለማየሁ አባቱንም እናቱንም አጣ። ከዚያ ወዲያ እጁን የያዘው፣ ቀድሞ በአባቱ ዘንድ ያገለገለውና አማርኛ የሚናገረው እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ፣ በእኛ አጠራር ባሻ ፈለቀ፣ ነበር።

በሰኔ ወር ከዙላ ወደብ ፌሮዝ በተባለችው መርከብ ተሳፍረው ቀይ ባሕርን ወጡ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ መንገደኛ ሁሉ በስዊዝ ከመርከብ ወርዶ፣ ምድረ ግብፅን በባቡር አቋርጦ፣ በእስክንድርያ ሌላ መርከብ መሳፈር ነበረበት። በሐምሌ ወር ፕሊመዝ ከተባለው የእንግሊዝ ወደብ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ዋይት ደሴት ተሻገሩ።

ንግሥት ቪክቶሪያ ሕፃኑን በኦስበርን ተቀብለው መልኩንና ጨዋነቱን ወደዱለት፤ በዕለት ማስታወሻቸውም ስለ እርሱ በርኅራኄ ጻፉ። በፍሬሽዎተር ትኖር የነበረችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ደግሞ በዚያው ወራት ምስሉን አነሣችው። ከነዚህ ምስሎች ባንዱ ባሻ ፈለቀ የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ ሕፃኑ ከአጠገቡ ሆኖ ይታያል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ለመነሣት ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ መቆየት ግድ ነበርና፣ አለመሳቁ ብቻውን ለኀዘኑ ምስክር አይሆንም፤ እኔ ግን ያን ፊት ባየሁት ቁጥር፣ ከመርከብ ወርዶ ገና ያላረፈ ሰው ፊት ሆኖ ይታየኛል። ከባሕር የሚወጣ መንገደኛ በዳርቻው ደስ ብሎት የሚሰነብተው የሚመለስበት ቤት፣ የሚጠብቀው ወላጅና ዘመድ ስላለው ነው፤ ይህ የሌለው ሰው በቤተ መንግሥት አጠገብ ቢቀመጥም ስደተኛ ነው። የንግሥቲቱን ርኅራኄ አልክድም፤ ነገር ግን ያ ርኅራኄ ሁሉ ሕፃኑን ወደ አገሩ ለመመለስ አልደረሰም።

በዚያችም ደሴት አልተተወም። ባሻ ፈለቀ ሚስት አግብቶ ወደ ህንድ ይዞት ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ የእንግሊዝ መንግሥት ከዚህ ከሚወደው ሞግዚቱ ለይቶ በቸልተንሃም፣ ቀጥሎም በራግቢ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገባው። በ1872 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ሊድስ በተባለች ከተማ፣ በሳንባ ሕመም በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ዐፅሙ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ፤ በመታሰቢያ ሰሌዳው ላይ የተቀረጸው ቃል እንግዳን ስለ መቀበል ከሚናገረው ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወሰደ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የልዑሉ ዐፅም ወደ አገሩ እንዲመለስ በይፋ ጠየቁ። በ2011 ዓ.ም. ከለንደን የጦር ሙዚየም የዓፄ ቴዎድሮስ ጠጉር ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በዚያው ስፍራ የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች ዐፅም ሳያውኩ የልዑሉን ማውጣት አይቻልም ሲል ለጥያቄው እንቢታ መለሰ።

ይህ ምክንያት ለእኔ በቂ አይደለም። ልዑሉን ወደ መርከብ የመሩት ሰዎች ከመቅደላ እስከ ዙላ ያለውን ተራራ ሁሉ ዝሆን ጭነው አልፈዋል፤ አንድ መቃብር በክብር መክፈት ከዚያ አይከብድም። በእንግሊዝ የምትኖሩ፣ ወይም ለዕረፍት ወደዚያ የምትሻገሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ስትመለሱ በዊንዘር በኩል እለፉ፤ በመቃብሩ አጠገብ ጸሎት አድርሱለት፤ ለቤተ ጸሎቱ አለቆችም ይህን ልጅ መቼ ትመልሱልናላችሁ ብላችሁ ጻፉላቸው።