ያራዳ ልጅ በሸክላ

እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ «ያራዳ ልጅ» የሚል ሸክላ ወጣ። ሙዚቃውን የሠራው የአዲስ አበባው ልጅ ሚካኤል ሰይፉ ሲሆን፣ ያሳተመው ደግሞ ዳዊት ኤክሉንድ፣ ሳሚ የኒጉንና ጆይስ ሊም እዚያው ያቋቋሙት «1432 አር» የተባለ አነስተኛ ሙዚቃ ቤት ነው። «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም በዚሁ ቤት ሥራዎቹን አውጥቷል። ክራሩን፣ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን ከኮምፒውተር ድምፅ ጋር የሚያዋህዱበትን መንገድ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይሉታል። ሚካኤል ኒው ጀርሲ በሚገኘው ራማፖ ኮሌጅ፣ ራሱ በፈለሰፈው ትራምፔት ከሚታወቀው ቤን ኒል ዘንድ ተምሮ አገሩ የገባ ሰው ነው።

ርዕሱን እወደዋለሁ። መርካቶ ሳይመጣ አገር የሚገናኘው አራዳ ገበያ ነበር። የአራዳ ልጅ ሲባልም ከመጣው ሁሉ ጋር የሚግባባ፣ የእንግዳውን ዘዴ ቶሎ የሚለምድ፣ የራሱን ግን የማይጥል ማለት ነው። ለዚህ ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኝለትም።

መግባባቱ ግን በርቀት ይከብዳል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ማሲንቆ መቺ ዋሽንግተን ካለ ከበሮ መቺ ጋር በኢንተርኔት እኩል ይጫወት ቢባል አይሆንም። በመካከላቸው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ድምፁ 58 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። 20 ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ጋር እንደ መጫወት ነው። ገመዱ ደግሞ ባሕር ለባሕር ይዞራል፤ መዘግየቱ ይብሳል። መዘግየቱ ከ30 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ሲያልፍ ተጫዋቾች ምት መጠበቅ ይቸግራቸዋል።

ስለዚህ በሩቅ ሆነው የሚሠሩ ሙዚቀኞች ተራ በተራ ይሠራሉ። አንዱ ቀድቶ ፋይሉን ይልካል፤ ሌላው የራሱን ደርቦበት ይመልሳል። የአንድ ማሲንቆ የአንድ ደቂቃ ቅጂ ጥራቱ ሳይቀንስ 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አሥር መሣሪያ የገባበት የአምስት ደቂቃ ዜማ 400 ይደርሳል። መስመሩ በደከመበት ሌሊት ይህን መላክ ትዕግሥት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ሲቋረጥማ ትዕግሥትም አልጠቀመም።

ከመላኩ ይልቅ የሚከብደው ማዋሃዱ ነው። ኮምፒውተሩ ጊዜን በእኩል እየከተፈ ይሄዳል፤ አዝማሪው ግን ስንኙ ሲመጣለት ምቱን ይለጥጠዋል፣ ሰው ሲያሞግስ ያፈጥነዋል። በፒያኖ ድምፆቹ በ12 እኩል ተከፍለው ተቀምጠዋል፤ የአንቺሆዬ ቅኝት ደግሞ አንዳንድ ድምፆቹ ከሁለት ቁልፎች መሐል ይወድቃሉ። አቀናባሪው ማሲንቆውን ቆራርጦ በማሽኑ ልክ ሊያስገባው ይችላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል፤ ሲደመጥም ጭራው ትንፋሽ ያጣል። ሁለተኛው መንገድ ማሽኑ ማሲንቆውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ያደክማል፣ እኔ ግን ከዚህ ሌላ ትክክለኛ መንገድ አለ ብዬ አላምንም።

ድምፅ ባሕር ማዶ ሄዶ ሸክላ ሆኖ መምጣቱ ለአራዳዋ ፒያሳ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብቱን እዚሁ ለሚገኘው ሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቱ አምሃ እሸቴ ድንጋጌውን ተዳፍሮ የዘፋኙን የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀዳ፤ እዚህ ማተሚያ ስላልነበረም ቴፑን ሕንድ ላከው። ቴፑ ሸክላ ሆኖ ተመለሰ። አምሃ በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አሳተመ፤ ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን ከሚለው ሙዚቃ ብዙው በዚያ መንገድ ያለፈ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በፈረሱበት ሰሞን «ያራዳ ልጅ»ን በጆሮዬ ይዤ ከጊዮርጊስ ወደ ሀገር ፍቅር ወረድኩ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አፈርና ድንጋይ ሆኗል፤ ሰዎች ቆመው በሩ የነበረበትን ቦታ በጣታቸው እየጠቆሙ ያሳያሉ። ቴአትር ቤቱ ግን በቦታው አለ። ዜማው እስኪያልቅ ደጁ ላይ ቆምኩ።