ሳይሠራ የሚፈተን ሞተር

ፒስተን ቀዝቅዞ ሲለካ ድፍን ክብ አይደለም። በዓይን በማይለይ መጠን ሞላላ ነው፤ አናቱም ከታችኛው ክፍሉ ይቀጥናል። ሆን ተብሎ ነው፤ እሳቱ የሚነካው አናቱ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ትክክለኛ ቅርጹን የሚይዘው ሲግል ብቻ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከሰፋ ይንኳኳል፣ ዘይትም ይበላል። ድሮ ልኩ የሚገኘው ሠርቶ፣ አስነስቶ፣ ፈትቶ፣ እንደገና በመሥራት ነበር። ዛሬ የድካሙ ብዙ ክፍል ወደ ኮምፒውተር ዞሯል።

መሠረቱ ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ስሌት ነው፦ ዕቃውን በሺዎች ወደሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ እኩልታ መጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ ስለ ስሌቱ ያሳተሙት ጽሑፍ ለአውሮፕላን አካል የታሰበ ነበር፤ ስሙን ክላፍ ያወጣለት በ1960 ነው። ሞተር ሠሪዎች ኋላ ወረሱት።

ሞተር ላይ በስሌቱ የሚፈተኑት ሙቀት፣ ውጥረትና ንዝረት ናቸው፤ ከሦስቱ አስቸጋሪው ሙቀት ይመስለኛል። የሚነደው ጋዝ ለአፍታ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ የአሉሚኒየም ፒስተን ግን 300 ዲግሪን ሲሻገር ጉልበቱ በእጅጉ ይከዳዋል። ቁም ነገሩ ከጋዙ ወደ ብረቱ በየቅጽበቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚሻገር ማወቅ ነው። ለዚህ እስካሁን በሰፊው የሚሠራበት ቮሽኒ የተባለ ተመራማሪ በ1967 ከሙከራ ያወጣው ቀመር ነው። በስክሪን ላይ ያ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የሚያርፈው በእንዲህ ያለ ግምት ላይ ስለሆነ፣ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። አንዱ ዘዴ ፒስተኑ ላይ ትንንሽ የብረት ብሎኖች መትከል ነው፤ በሙቀቱ ልክ ጥንካሬያቸው ስለሚቀንስ፣ ሞተሩ ከሠራ በኋላ ወጥተው ሲለኩ የደረሱበትን ዲግሪ ይናገራሉ።

ውጥረቱ የሙቀቱ ልጅ ነው። በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ክዳን) ላይ በሁለት የጭስ ማውጫ ቫልቮች መካከል ያለችውን ቀጭን ብረት እንይ። ስትግል ልትለጠጥ ትፈልጋለች፤ በዙሪያዋ ያለው ቀዝቀዝ ያለ ብረት ግን አያላውሳትም፣ ስለዚህ ተጨምቃ ቅርጿን ትለውጣለች። ሞተሩ ሲጠፋና ስትቀዘቅዝ ደግሞ በተቃራኒው ትወጠራለች። በተነሣና በጠፋ ቁጥር ይህ ይደጋገምና ትሰነጠቃለች። ስሌቱ ከስንት ዙር በኋላ እንደሆነ ለመገመት ይሞክራል።

ንዝረት በአንጻሩ ለስሌት ይመቻል። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ያቀጣጥላል። አንድ ማቀፊያ በተፈጥሮው በዚሁ ልክ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ማቀፊያው ገና ሳይሠራ ኮምፒውተሩ ያጋልጠዋል፤ መሐንዲሱም ያወፍረዋል ወይም ቅርጹን ይለውጣል።

የአየሩ ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉድለቱን ለመሙላት ቱርቦውን ይበልጥ ማሽከርከር ስላለበት፣ ለባሕር ዳርቻ የተሠራው ስሌት ለከፍታ ቦታ እንደገና መሠራት አለበት።