ጋቢው ጥፋተኛ አልነበረም

እኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ውሃ የመጣ ቅዳሜ የቤቱ ልብስ በሙሉ ይታጠባል። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ እናቴን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

"አልጨምቅም ብሎ ቆመ" አለችኝ። በክቡ መስታወት በኩል ጋቢዋ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ይታያል።

"እማዬ፣ ጋቢ አታስገቢ አላልኩሽም? ይኸው ሞተሩን አቃጠልሽው!" አልኳት፤ ልጆቼ እየሰሙ። መልስ አልሰጠችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። የስድስት ልጅ ልብስ በእጇ እያጠበች ያሳደገችን ሴት ናት።

የደወልኩለት የጥገና ባለሙያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ "ውሃው ወጥቷል?"

"አልወጣም።"

"እንግዲያው ሞተሩን ተወውና መጀመሪያ ፊልተሩን እይ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ልብስ የሚጨምቀው ከበሮውን በፍጥነት በማሽከርከር ነው። ይህን የሚያደርገው ግን ውሃውን በፓምፕ ካስወጣ በኋላ ነው። ውሃው ካልወጣ አይጨምቅም።

ማሽኑን አጥፍቼ ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ ልጆቹንም ከአካባቢው አራቅኋቸው። የታጠበው በሙቅ ውሃ ቢሆን ኖሮ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረብኝ። ከፊት ለፊት ከታች ያለችውን ትንሽ መክፈቻ ከፍቼ ትሪ አስጠጋሁ። የፊልተሩን ክዳን ቀስ እያልኩ ሳላላው ውሃው መፍሰስ ጀመረ። ትሪው ሲሞላ ክዳኑን እያጠበቅሁ፣ ውሃውን ባልዲ ውስጥ እየገለበጥኩ ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ፊልተሩን ሳወጣው የልጄ አንድ እግር ካልሲ፣ የፀጉር ማስያዣ እና ሦስት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ተገኙ።

የታክሲ መልስ ሱሪ ኪስ ውስጥ የሚረሳ ሰው እቤታችን አንድ ብቻ ነው፤ እኔ!

የተቆጣሁት ልጆቼ ፊት ስለነበር ይቅርታም የጠየቅኋት እነሱ ፊት ነው። ሳንቲሞቹን አይታ ሳቀች።

ፊልተሩን አጥቤ በደንብ አጥብቄ መለስኩት። ማሽኑን ሳስነሳው ውሃው ወጣ፤ ከበሮው ግን ትንሽ ዞሮ ቆመ። እንደገና ሞከረ፣ ቆመ። እማዬ ጠጋ ብላ ተመለከተችና "ጋቢው በአንድ ወገን ተጠቅልሏል፤ ጭነቱ ያጋደለ አህያ ይሄዳል እንዴ? ዘርጋውና ፎጣ ጨምርለት" አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ጨመቀ።

እናንተም ቤት ማሽኑ አልጨምቅ ቢል መጀመሪያ ውሃውን ተመልከቱ። ካልወጣ ፊልተሩን አጽዱ፤ የውሃ ማስወጫው ጎማ ታጥፎ ወይም ግድግዳው ተጭኖት እንደሆነም እዩ። ውሃው ወጥቶ ልብሱ ካልተጨመቀ ደግሞ ልብሱ በዝቶ ወይም በአንድ ወገን ተከምሮ ይሆናል፤ በሩ በደንብ አልተዘጋም ይሆናል። ከላይ የሚከፈቱትም ክዳናቸው ካልገጠመ አይጨምቁም። ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ፣ ወይም የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ፣ ከሶኬቱ ንቀሉና ባለሙያ ጥሩ።

አሁን እቤታችን ሥራ ተከፋፍለናል። በየወሩ ፊልተሩን የማጸዳው እኔ ነኝ። ልብስ ከመግባቱ በፊት ኪስ የምትፈትሸው እማዬ ናት፤ ያገኘችውን ሳንቲም ለልጅ ልጆቿ ታከፋፍላለች እንጂ ለእኔ አትመልስም።