አስም፦ ወዲያው እፎይታ የማይሰጠው ኢንሄለር ለምን በየቀኑ መወሰድ አለበት?

ሌሊት ደረቱ ተጨንቆና ትንፋሹ እያፏጨበት የነቃ የአስም ሕመምተኛ በመጀመሪያ የሚፈልገው ሰማያዊውን ኢንሄለር ነው። ብዙዎች "ፓፍ" የሚሉት ይህ መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽን ይመልሳል።

ከጎኑ የተቀመጠው ሌላኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ቀለም ያለው ኢንሄለር ግን ቢሳብም ወዲያው የሚሰማ ለውጥ የለውም። በዚህም የተነሳ በርካቶች "አይሠራም" ብለው ይተውታል።

አስምን የሚቆጣጠረው ግን ይኸው የተተወው መድኃኒት ነው።

አስም የአየር ቱቦዎች ሥር የሰደደ መቆጣት ነው። የቱቦዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ ያብጣል፣ ወፍራም አክታ ይበዛል፣ ዙሪያውን ያሉት ጡንቻዎችም በቀላሉ ይኮማተራሉ። እንዲህ የተቆጣ ቱቦ የከሰል ጭስ፣ እጣን፣ አቧራ፣ ብርድ ወይም ተራ ጉንፋን ሲነካው ይጠባል።

ሳልቡታሞል የተኮማተሩትን ጡንቻዎች ለጥቂት ሰዓታት ያፍታታል፤ እብጠቱን ግን አይነካውም። እብጠቱን የሚቀንሱት እንደ ቤክሎሜታሶንና ቡዴሶናይድ ያሉ በትንፋሽ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ናቸው። ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ ጥቅማቸው በሚገባ እስኪታይ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል።

ሲቋረጡም ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። መድኃኒቱን ያቆመ ሰው በማግሥቱ ምንም ስለማይሰማው ድኛለሁ ብሎ ያስባል። እብጠቱ ግን ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ከሳምንታት በኋላ የሚመጣውን ከባድ ሕመም ከተቋረጠው መድኃኒት ጋር የሚያያይዘው ጥቂቱ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በ2019 በዓለም ዙሪያ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ 455 ሺህ ያህሉም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት የሚኖሩ ናቸው።

በዚያው ዓመት፣ በምኅጻረ ቃል "ጂና" የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም ባለሙያዎች ስብስብ አዋቂዎችና ታዳጊዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ መምከሩን አቆመ። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ኢንሄለር የሚጨርስ ሰው ለከባድ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አንዱ ኢንሄለር አብዛኛውን ጊዜ 200 መጠን ስለሚይዝ፣ ይህን ያህል መጠቀም አስሙ ከቁጥጥር ውጭ ስለመሆኑ ምልክት ነው።

"ስቴሮይድ" የሚለው ስም ብዙ ወላጆችን ያስፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በክኒን ወይም በመርፌ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። ይሁንና ለከባድ ሕመም የሚታዘዘው ክኒን በሚሊግራም ሲለካ፣ የሚሳበው ግን የሚሊግራም አንድ ሺህኛ በሆነው በማይክሮግራም ነው፤ ያውም በቀጥታ ወደ ሳምባ ይገባል። በልጆች ቁመት ላይ ሊያሳድር የሚችለው ተጽእኖ በአማካይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መድኃኒቱን ትቶ በየጊዜው ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ግን መጨረሻው ያው የተፈራው ክኒን ወይም መርፌ ይሆናል።

ይበልጥ የተለመዱት ችግሮች የድምፅ መጎርነንና በአፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ፈንገስ ናቸው። ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋት ይህን ይቀንሳል።

የአወሳሰድ ስሕተትም መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል። ኢንሄለሩን መነቅነቅ፣ ትንፋሽን ማስወጣት፣ መድኃኒቱን እየረጩ በዝግታና በጥልቀት መሳብ፣ ከዚያም ለአሥር ሰከንድ ያህል ትንፋሽን መያዝ ያስፈልጋል። ለሕፃናት ይህ ከባድ በመሆኑ "ስፔሰር" የተባለ መያዣ ይታዘዛል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ አይቀመስም።

በኬፕ ታውን የሚገኙ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ለዚህ ርካሽ መላ ሞክረው ነበር። የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ክፍል በኢንሄለሩ አፍ ልክ ይበሳና ኢንሄለሩ አየር በማያስወጣ መልኩ ይገጠምበታል፤ ልጁም በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል። ጥናታቸው አስም የተነሣባቸውን ልጆች በዚህ ጠርሙስ ማከም በፋብሪካ ከተሠራው ስፔሰር እንደማያንስ አሳይቷል።